የመፍጫው አፍ እንጂ የእኔ አፍ አልተደፈነም

ለተከበሩ የአረጋውያን መኖሪያችን የሕንጻና የጥገና ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ፊርማዎ የሰፋ፣ ወገብዎም ጎንበስ ከማለት ሁሉ የተጠበቀ ይሁንልዎ። እኔ በወጥ ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ ያጠብኩት ሴት ይህን ደብዳቤ በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ስለለጠፍኩት ይቅርታ አልጠይቅም፤ የሲንኩ ፍሳሽ በእኔ ጥፋት ስለተደፈነ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ግቢ ጠረጋ እንደተዛወርኩ የሚገልጸው ማስታወቂያዎም የተለጠፈው እዚያው ነውና።

ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ከሁለት ወር በፊት ከሲንኩ ሥር የትርፍራፊ መፍጫ ማሽን አስገጥመው፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ቆሻሻ ውኃም በመፍጫው በኩል እንዲወጣ ጎማውን ስላስቀጠሉልን እናመሰግናለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃው አልወጣም ብሎ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ስለሚተኛ፣ ሳህናችን ሁለቴ ይታጠባል፤ አንዴ በንጹሕ፣ አንዴ በእድፍ።

፪. ፍሳሹን እንዲፈትሽ የላኩልን ባለሙያ ሥራውን በአምስት ደቂቃ ስለጨረሰልን እናመሰግናለን። የካቢኔቱን በር ሳይከፍት፣ ባትሪ ሳያበራ፣ ስልኩንም ከጆሮው ሳያወርድ «እማማ፣ አጥንት ከተውበት ነው» ብሎ ፈረደ። እዚህ ቤት ጥርስ የቀራቸው አረጋውያን ስንት እንደሆኑ እርስዎም ያውቃሉ፤ አጥንት ወደ ወጥ ቤታችን ከገባ ሦስት ዓመት አልፎታል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

፫. ይኸው ባለሙያ በማግስቱ አንድ ወረቀትና የቀለም ሳጥን ይዞ መጥቶ «እማማ፣ እቺን ጣትዎን ብቻ ጠቅ ያድርጉልኝ፣ ሌላው የእኛ ሥራ ነው» አለኝ። ለጣቴ ስላሰባችሁለት አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ግን አጥንት መክተቴን እንዳመንኩ የሚናገር ስለነበረ፣ እስክሪብቶውን ከኪሱ መዝዤ «አንብቤዋለሁ፤ ውሸት ነው» ብዬ ጻፍኩበት። ልጁ የወረቀቱን ፊትና ጀርባ ሲያገላብጥ ቆይቶ «ማን አስተማረዎት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ስለ ፍሳሹ ግን ምንም አልጠየቀኝም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያስተማሩኝም እዚሁ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ባለፈው ሳምንት እኚህ ሰው ከሻይ ብርጭቆአቸው የሽንኩርት ልጣጭ አውጥተው ሳህናቸው ጠርዝ ላይ አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ፊደል ሦስት ወር ሙሉ ስሳሳት እንኳን እንዲያ አላዩኝም ነበር።

ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ካቢኔቱን ከፈትኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ከሲፎኑ፣ ከጠማማው የፍሳሽ ቧንቧ ኋላ ተጠቅልሎ የተጣለ የመፍጫው መመሪያ አገኘሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል መዝለል አይችልበትም፤ ከምሳ እስከ እራት አንድ በአንድ አነበብኩት። አራተኛው ተራ ላይ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የሚቀጠል ከሆነ በመፍጫው ጎን ያለውን አፍ የደፈነው ፕላስቲክ አስቀድሞ ተመትቶ ይውጣ ይላል። ጎማውም ከሲንኩ ከንፈር ሥር ከፍ ብሎ ይታሰር፣ አለዚያ የሲንኩ እድፍ ወደ ሳህኖቹ ይመለሳል ይላል። ጎማውን ነቅዬ ወጥ ቤት ኃላፊዋ ባትሪ ስታበራልኝ፣ ፕላስቲኩ ከፋብሪካ እንደመጣ አፉን ገጥሞ ተቀምጧል። ጎማውም ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አጥንት ፈለግን፤ አጣን።

ፕላስቲኩን በካቻቢቴና በመዶሻ ላወጣው እችል ነበር። አላወጣሁትም። እርስዎ በዓይንዎ እስኪያዩት ድረስ ማሽኑን አጥፍቼ ሳህኑን ሁሉ በእጄ እያጠብኩ ነው፤ ቆዳዬ ተልጧል፣ ሳህኑ ግን ያበራል።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ግቢ ውስጥ አያገኙኝም። ሽርጤን አድርጌ ሲንኩ አጠገብ እቆማለሁ። እርስዎ መጥተው በወጥ ቤት ሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ካቢኔቱን ይፈትሹ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም ማስታወቂያዎን በሚያህል ወረቀት፣ በዚያው በር ላይ ይጻፉ። ይህ ሳይሆን ከዚያ ወጥ ቤት የምወጣው ተሸክማችሁኝ ብቻ ነው፤ ሰባ ስምንት ኪሎ ነኝ።

ለባለሥልጣን የሚገባውን አክብሮት ሁሉ፣ ያልሠሩለትንም ጨምሬ እያቀረብኩ፣
በጣቷ ሳይሆን በስሟ የምትፈርመው ዕቃ አጣቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማስታወቂያዎ ላይ «በእንዝህላልነት» ለማለት «በእዝንህላልነት» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ ረጅም ስለሆነ አልፈርድብዎትም። መምህሩ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ያስተምራሉ፤ ከእኔ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው።