አክስቴን በጦር አውሮፕላን ስላሳፈሩልኝ

በወልድያ ከተማ ለሚገኘው አዲስ መዝናኛ ሥፍራ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

በመርሳ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። አክስቴ ወይዘሮ ታደለች ደግሞ የሐብሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ህሊና ለሥራ ዱባይ ከሄደች ጀምሮ «አውሮፕላን ላይ ሲቀመጡበት ምን ይል ይሆን?» ማለት ሆኗል ሥራቸው። ስለዚህ በሚንቀሳቀስ ወንበርና በፊልም ከመሬት ሳይነሱ መብረር እንደሚቻል የሚናገረውን ማስታወቂያዎን ባየሁ ጊዜ፣ የክት ልብሳቸውን አስለብሼ በሚኒባስ ይዣቸው መጣሁ።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ መቀመጫው ላመስግንዎ። ከእኛ በፊት የበረረው ሰው ያስመለሰውን ሳትነኩ ስላቆያችሁልን፣ የአክስቴ ነጠላ ደጋግሜ ባጥበውም ሽታው እስካሁን አልለቀቀውም።

፪ኛ. ከሁሉ በላይ ስለ ፊልሙ። መብራቱ ጠፍቶ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ አክስቴ ፈገግ ብለው እጄን ያዙኝ። ያሳፈራችሁን ግን መንገደኛ የሚጭነው ላይ ሳይሆን የጦር አውሮፕላን ላይ ኖሯል። ወንበሩ ወደ ፊት ሲደፋ ከታች ገበያ ታየን፤ ሰው ይሯሯጣል። ከበታችን ቦምብ ወረደና ገበያው ነደደ። ሠራተኛዎም በድምፅ ማጉያ «መትተናል፣ አጨብጭቡ» አለን።

አክስቴ በጦርነቱ ጊዜ ከሰማይ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ገደል ሥር ሲሸሸጉ የከረሙ ሰው ናቸው። የወንበሩን ቀበቶ ሊፈቱ ቢታገሉ እምቢ አላቸው። «ሮማን፣ አስቁሚው፤ እታች ሰው አለ» አሉኝ። ሠራተኛዎን ብለምነው ወደ አክስቴ ዞሮ «እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ሳያልቅ አይቆምም» ብሎ ሳቀ። ቃሉን የማያጥፍ ሠራተኛ ስለቀጠሩም አመሰግናለሁ፤ እውነትም ሳያልቅ አልቆመም።

ስንወጣ አክስቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «ህሊናዬም የሄደችው እንዲህ ነው? ሰው ላይ እሳት እያዘነቡ?» ብለው ጠየቁኝ። እንዳልሆነ ብነግራቸው አላመኑኝም። ቤት እንደገባን ህሊና ዘንድ ደወልኩ። «እማዬ፣ እኔ የሄድኩበት አውሮፕላን ሰው የሚተኛበት ነው፤ ምግብም ሰጥተውኛል» አለቻቸው። አክስቴ «እሺ ልጄ» አሉ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ወደ እኔ ዞረው «እኔ እንዳልጨነቅ ብላ ነው» አሉ።

ህሊና ለፋሲካ ልትመጣ ትኬት ቆርጣ ነበር። እናቷ ግን አሁን በደወለች ቁጥር «ባለሽበት ቆይ፣ እዚያ ነገር ላይ አትውጪ» እያሉ ያለቅሳሉ። ስንት ዓመት የናፈቋትን ልጅ አትምጪ እንዲሉ ያደረገ መዝናኛ ለአገራችን በማበርከትዎ የተሰማኝን ለመግለጽ የጨዋ ቃል ብፈልግ አጣሁ።

ከመሬት ሳይነሱ ከሰው ሁሉ በላይ ከፍ ላሉት ክቡርነትዎ እጅ እየነሳሁ፣

ሮማን ስዩም
ከመርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመንገደኛ አውሮፕላን ፊልም የላችሁም ወይ ብዬ ሠራተኛዎን ጠይቄው ነበር። «አለ፤ ግን ምንም ስለማይፈነዳበት ሥራ አስኪያጁ አይወዱትም» አለኝ። እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ አንድ ቀን ከጎናቸው ተቀምጠው የሚወዱትን ፊልም እንዲያሳዩአቸው በትሕትና እመኛለሁ።