የቀኙ የፊት ጎማ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚጡዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ደብዳቤሽን ሦስቴ አስነበብኳት።

ምጥ የያዛትን ሴት በአምቡላንስሽ ጭነሽ ጭቃ ውስጥ መቅረትሽን ሰማሁ። በቃሬዛ ተሸክማችሁ ጤና ጣቢያው መድረሳችሁ፣ እናትም ሕፃንም መትረፋቸው፣ ተመስገን ነው! አለቃሽ ግን «ፎር ዊል መንዳት አትችይም፤ በወሩ መጨረሻ መኪናውን አስረክቢ» ማለቱ አንገበገበኝ። ይባስ ብሎ አንቺም «ምናልባት የፊቱን ጎማ በደንብ ሳልቆልፈው ቀርቼ ይሆናል» ብለሽ ራስሽን ጠረጠርሽ። ተይ ልጄ።

የፊት ጎማ በደህናው መንገድ ለብቻው ይንከባለላል፤ ከጎማው ጀርባ ያለው፣ የሞተሩን ጉልበት የሚያመጣለት ዘንግ ቆሞ ያርፋል። ጭቃ ሲመጣ ወርደሽ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ ያለውን መቆለፊያ ታዞሪያለሽ፣ ጎማና ዘንጉ ይያያዛሉ። ከዚያ ጋቢና ገብተሽ የፎር ዊሉን ማርሽ ታስገቢያለሽ። ይህን ሁሉ አድርገሻል፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ፣ አውቅሻለሁ። ግን አንደኛው ጎማ ካልያዘ ሞተሩ ጉልበቱን ሁሉ በዚያ በኩል በባዶ ለሚሾረው ዘንግ ይሰጠዋል። የያዘውም ጎማ ቆሞ ይቀራል።

እስቲ የቀኙን በክሪክ አንሺው። ቆልፊና ጎማውን በእጅሽ አዙሪው። ዘንጉ አብሮ አይዞርም።

እንዴት አወቅክ ትይኝ ይሆናል። መኪናውን አድሼልሽ በሄድሽ ማግስት የሥራ ጠረጴዛዬን ስጠርግ፣ ግራሶ የነካት ትንሽ የሽቦ ቀለበት እጄ ላይ መጣች። መቆለፊያውን የምትይዘው እሷ ናት። የቀኙን ጎማ መልሼ ስገጥም ረስቻታለሁ። ያኔውኑ ላስጽፍልሽ ተነሥቼ ነበር፤ አፈርኩ። «መካኒኩ ታወረ» ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። «ደግሞ ጭቃ የት ያገኛታል» ብዬ ራሴን ደለልኩ። በአንድ ነፍሰ ጡር ነፍስ ቀለድኩ፣ ሚጡዬ።

ዓይኔ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጭጋግ ነው። ብሎን የምፈታው በጣቴ ዳብሼ ነው። ሰው ሲመጣ መነጽሬን እጠርጋለሁ፣ ለማስመሰል። እናትሽን የሸወድኳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብርጭቆውን እጄ ውስጥ ማስያዝ ከጀመረች ቆይታለች።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። «አንተ ሰው፣ የሠላሳ ዓመት ስምህን በገዛ አፍህ ታጠፋለህ?» ይለኛል። ዝም ብለህ ጻፍ አልኩት።

ቀለበቷ ፖስታው ውስጥ ናት፤ እዚያ ያለ መካኒክ ይግጠምልሽ። ደብዳቤውን ለአለቃሽ ስጪው፣ ራሱ ያንብበው። ጥፋቱ የእኔ ነው። መኪናውን እንዳታስረክቢ፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ የሰው መኪና አልነካም።

መንገድሽን ያቅናልሽ። የጫንሻቸው ሁሉ በሰላም ይግቡልሽ። ይቅር በይኝ።

አባትሽ

ፊርማውን ራሴ ነኝ የፈረምኩት። ከመስመር ከወጣ ሳቂብኝ።