የዋሶቼ ጣት

ሰኞ፣ የካቲት 3
የተሰበረ ወንበር እግር ስቀጥል ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ከወረዳው አንዲት ወጣት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መጣች። መንገድ ሊወጣበት ነውና ሱቄ በዚህ ወር ይፈርሳል። ለሰፈሩ ባለሙያዎች የጋራ መሥሪያ ቦታ ተሠርቷል አለች።

"አባባ፣ ቦታ ለማግኘት ሦስት ጎረቤት ዋስ ይጥሩ። ስብሰባው ቅዳሜ ነው።"
"አርባ ዓመት አናጢ ነኝ። ዋሴ እጄ ነው።"
"እጅዎን ማን ጠላ? ከሰው ጋር ይስማማሉ ወይ ነው ጥያቄው።"

ዋሶቹ በጣት አሻራ የሚፈርሙበትን ወረቀት ትታልኝ ሄደች። ምላሷ ምላጭ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
ማንን ልጠይቅ? ሚስቴ የሞተች ጊዜ ሊያጽናኑኝ የመጡትን ሁሉ በር ዘጋሁባቸው። ወዳጄን በያጁንም። ሦስት ዓመት ሆነ... አሁን በምን ዓይኔ?
ልመና አላውቅበትም።

ዓርብ፣ የካቲት 7
አደረግኩት። የእስክሪብቶ ቀለም አፍስሼ ሦስት ጣቴን ነከርኩ። አንዱን በጎረቤቴ በልብስ ሰፊዋ ስም፣ አንዱን በጫማ ሰፊው፣ አውራ ጣቴን በበያጁ ስም አተምኩ። ጣት ያው ጣት ነው። ማን ይለየዋል?
ወረቀቱን ወስጄ ለልጅቷ ሰጠኋት፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ምን አይታ ይሆን?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
ስብሰባው ላይ ልጅቷ የየሰዉን ዋሶች አንድ በአንድ እያስነሳች፣ አሻራውን እያሳየች መጠየቅ ጀመረች። ይህን መች ነገረችኝ... በሩ ሩቅ ነው። የእኔ ተራ ደረሰ፤ የሦስቱን ስም ጠራች።
ልብስ ሰፊዋ ዞራ አየችኝ። ቆይታ ተነሣች። "አዎ፣ ዋሱ ነኝ።" ጫማ ሰፊው ሳቁን እየዋጠ፣ "እኔም አለሁበት።" በያጁ አልተነሣም። ምነው መሬት በዋጠችኝ...
በስንት ጊዜው ጉልበቱን ይዞ ብድግ አለ። "ጣቴ ነው።"

በያጁ ውጭ ጠበቀኝ።
"አንተ ሽማግሌ፣ ሙሉ አውራ ጣት ከየት አመጣህልኝ?"
እጁን ዘረጋ። የአውራ ጣቱ ግማሽ የለም። "የብረት መቁረጫው ግራይንደር በላው።"
"መቼ?"
"ሁለት ዓመት አለፈው። ብትጠይቅ ትሰማ ነበር።"


ሰኞ፣ የካቲት 10
ለልጅቷ ያደረግኩትን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ቢያንስ ከአፏ አላወጣችውም። "የእውነቱን አሻራ እስከ ዓርብ ካላመጡ ቦታው ለሌላ ይሰጣል" ብላ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። ከቁጣ የባሰ ነው።
ቀጥታ ወደ በያጁ ቤት ሄድኩ።
"ዋስ ሁነኝ ብዬ ልለምንህ መጣሁ።"
ወረቀቱን አላየውም። እኔን አየኝ።
"ግራይንደሩ ጣትህን... እንዴት በላው?" አልኩት።
"ረጅም ነው። ቁጭ በል።"
ቁጭ አልኩ።