ላላየናት ሴት የተሰፋ ቀሚስ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ። ክፉ አይንካሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውጣልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ሻል ቢለው ጣሪያ ካልወጣሁ እያለ ያስቸግረኛል።

ልጄ፣ ሰሞኑን ግን ክው ብዬ ነው የከረምኩት። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ያቺ ዓይን አፋሯ፣ አንዱ ባለጌ ፊቷን ከሌላ ሰው ራቁት ገላ ጋር አጣብቆ በስልክ ላከላት። «እሺ ካላልሽኝ ለሰው ሁሉ እበትነዋለሁ» ይላታል! እናቷ ስታየው ስፌቷን ጥላ እኔን ጠራችኝ። እኔም ስልኩን ነጥቄ ልደመስሰው ስል ጮኸ። ልጅቷ ለካ እንዲህ ያለ ጥቃት ለሚከታተል የእርዳታ መስመር ጽፋ ኖሯል፤ የደወለችው ሴት ከዚያ ነች። ምስሉን ላጠፋው ነው ብላት፣ «እናቴ፣ እንዳይነኩት! ማስረጃችን እሱ ነው» አለችኝ። ለካ መበተን ጀምሮ ኖሯል፤ ያቺ ሴት ተከታትላ ምስሉን ከየኢንተርኔት ገጹ አስወረደችው፤ ባለጌውም ተያዘ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ «እትዬ፣ የእርስዎም ልጅ ሥራ እኮ ይኸው ነው» ስትለኝ ራሴን ታዘብኩ። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላ ፎቶ ታያለች» እላለሁ! ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዓይንሽን በመዳፌ የምሸፍንልሽ ልጅ፣ ይህን ጉድ በየቀኑ ታይዋለሽ? እዚያ ማን ይሸፍንልሻል?

ያየሽው ከዓይንሽ አልፎ ልብሽ አይግባ። ያተረፍሻቸው ልጆች እናቶች ምርቃት ይከተልሽ።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚስ ጀምራለች። «ያቺን ሴት የት አገኛታለሁ? ያንቺዋ ትልበስልኝ» ብላለች። ልክሽን ላኪላት፤ ከስተሽም ከሆነ አትደብቂን።

እናትሽ