ቱንቢው ተሰቅሏል

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላም ነሽ ወይ? ሥራሽስ? ያ ዝምተኛ ባልሽስ ጤና ነው? እኔ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያልኩም ቢሆን እከፈታለሁ፣ እዘጋለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ፤ እጄ መጋዝ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም። ግን ይሄ ለሰው የሚያስጽፉት ጉዳይ አይደለም።

«አባዬ፣ ጫማህን ማሰር እንኳ አቅቶህ ብቻህን እንዴት ትኖራለህ? ቤቱን ሸጠህ እኔ ዘንድ ና» ብለሽኝ ተኮራርፈን ነበር። ወገብህ ይፍታታ ብለሽም ዮጋ አስመዘገብሽኝ። ስሚ እንግዲህ ጉዱን!

መጀመሪያ ወለል ላይ መንደባለሉ የልጅ ሥራ መሰለኝ። አስተማሪው «ጀርባ ቀጥ ይበል» ሲል ግን ጆሮዬ ቆመ። ቀጥ! ይሄማ የኔ ሙያ ነው። በነጋታው ቱንቢዬን ይዤ ሄድኩ፤ ያን ግድግዳ መዝመሙን የምለይበትን፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበትን ክር። የሰዉን ጀርባ ሁሉ ለካሁት። አንድ ቀጥ ያለ የለም! ጡረታ የወጡ አዋላጅ አሉ፤ እሳቸው ጋ ስደርስ «ጋሼ አናጢው፣ እኛ በር ነን እንዴ?» ብለው አዳራሹን በሳቅ ገደሉት። ተቀየምኩ።

ቀጥሎ ጠብ መጣ። አስተማሪው «መጽሐፉ ትንፋሽ በቀኝ አፍንጫ ይጀመር ይላል» ሲል፣ ረዳቱ «የኔ መምህር በግራ ነው ያሉት» አለ። እኔም ከቀኙ ቆምኩ። ለምን ብትይኝ አላውቅም፤ ክርክር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልበትም። ጧት ጧት ስንጨቃጨቅ ምንጣፍ የሚዘረጋ ጠፋ። የኔም ወገብ ተመልሶ ጣውላ ሆነ። አዋላጇ ብቻ ጥግ ይዘው፣ እንደ ልማዳቸው ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። «እርስዎ ከማን ወገን ነዎት?» ብላቸው «ከወገቤ» አሉኝ!

በመጨረሻ ሁለቱ ተለያዩ፤ አዳራሹም ተዘጋ። እኔ እልኸኛው በማግስቱም ሄድኩ። በሩ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? እሳቸውን! ምንጣፋቸውን በብብታቸው ሸጉጠው። ተዘግቷል እኮ ብላቸው «ምጥ በር ተዘጋ ብሎ ይመለሳል?» አሉኝ። የእንጨት ሥራ ክፍሌ ባዶ ነው አልኩ። ሰጋቱራውን ጠርጌ ቦታ አበጀሁ።

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት እዚያው ነን። ቀኝ ነው ግራ ነው የሚል የለም፤ ትንፋሹ ራሱ መንገዱን ያውቃል። ብርድ ቢሆን፣ ቢያመን፣ ብንኳረፍም ምንጣፉ ይዘረጋል። አንድ ቀን ቱንቢውን ከሚስማሩ ላወርድ ስል «ተወው አንተ ሰውዬ፣ ጎበጥ ማለቱም ያምርብሃል» አለችኝ። ተውኩት።

ልጄ፣ ዛሬ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ! ቀኙንም ግራውንም! ያለ ወንበር፣ ያለ እርግማን! እልል በይልኝ! ስለዚህ ቤት የመሸጡ ነገር ይቅር፤ አልሸጥም። የእናትሽ ፎቶ ከነበረበት አልተነሳም። አቧራውም ይጠረጋል፤ ሁልጊዜ በኔ እጅ ባይሆንም።

እግዜር ትዳርሽን እንደ ጥሩ እንጨት ያጽናልሽ። የምትቆርሺውን አያሳጣሽ። ክፉ አይንካሽ። የኔን ዕድሜ ግን ለራሴ ይተውልኝ፤ ገና እፈልገዋለሁ።

ጫማውን ራሱ የሚያስር አባትሽ

ረስቼው፦ ስትመጪ ቁልፍ አለኝ ብለሽ ዘው እንዳትይ። አንኳኪ።