ዘፈኑ ውስጥ የቀረ ድምፅ

መቱ፣ ታኅሣሥ መግቢያ

ለድሮው ወዳጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? የአዲስ አበባ ብርድ ያን ደካማ ደረትህን አልነካብህም? ሥራስ፣ ቤትስ ተስማማህ? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ጤና ነኝ። እማዬም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ዝናቡ ግን እንደምታውቀው ነው፣ ኅዳር ወጥቶም አልጠገበም። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን። ከዚህ በላይ ብጨምር ውሸት ይሆንብኛል፣ ተናድጃለሁና።

በድምፅ መልእክት አናግሪኝ፣ ምን ሆነሽ ነው ስልክ የማታነሺው እያልክ ደጋግመህ ጽፈሃል። ድምፄን ሁለተኛ አታገኛትም። እስከ ዛሬ ያደረግህባት ይበቃታል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ለሚሄደው ለጎረቤታችን ለወንድይራድ ሰጠሁት። ወረቀት ቢያንስ ሚኒባስ ውስጥ አይዘፍንም።

ምን አጠፋሁ እንዳትል ከሥሩ ልንገርህ። በግንቦት ያ ሁሉ ሰው ሲጠብቀው የኖረው ዘፈን ወጣ። የወጣው ደግሞ በየወሩ እየተከፈለ በሚሰማው አፕ ብቻ ነው። አፑ ዘፈኑን ያሰማል እንጂ አይሰጥም። አውርደው ቢያስቀምጡት እንኳ ከአፑ ውጪ አይከፈትም፣ ክፍያው ያለቀ ቀን ደግሞ ይቆለፋል። አንተ መቼም የተቆለፈ ነገር ስታይ እጅህን ይበላሃል። ዘፈን እንድትጭንለት ሱቅህ በር ላይ ሚሞሪ ይዞ የተሰለፈው ሰው ትዝ ይልሃል? በስልኩ በራሱ ልትቀዳው ሞክረህ የተቀዳልህ ዝምታ ብቻ ሆነ። አፑ ነቅቶብሃል። ያኔ ነው ጓዳ ገብተህ በአንዱ ስልክ እያጫወትክ፣ ሌላውን ፊት ለፊቱ አስቀምጠህ እንዲሁ በአየር የቀዳኸው። አየርን ማን ይቆልፋል ብለህ ስትኩራራ እሰማህ ነበር።

እሰማህ ነበር፣ ምክንያቱም እኔም እዚያው ጓዳ ነበርኩ። መኖር አልነበረብኝም፤ ግን ነበርኩ። ዝም በይ ብለኸኛል፣ አልካድኩም፤ ዝም ብዬም ነበር። ግጥሙ ቆሞ መሣሪያው ብቻውን መጫወት ሲጀምር ግን ዘፈኑ ያለቀ መሰለኝና ቀኑን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የዋለውን ተናገርኩት። ደርበው ሽማግሌ ልኮ ነበር፣ ያ መቱና ጎሬ ሲመላለስ የሚውለው የሚኒባስ ሾፌር። አጎቴ ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል፣ ቡናው ይለቀምና መልስ እንሰጣለን ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኝተዋቸዋል። እኔ ደግሞ ያንተን ቃል እጠብቅ ነበር። እናም ምን አልኩ? ደርበው ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰው ግን ምን ያደርግልኛል? አልኩ። አንተም ሳቅህ፤ ረጅም ሳቅ። ያች ቃሌ ከነሳቅህ ተቀዳች።

እቆርጣታለሁ ብለኸኝ ነበር። ደግመህ ብትቀዳውስ ምን ነበረበት? ሰው ቆሟል፣ ቸኩያለሁ፣ ደግሞስ ማን ልብ ብሎ ይሰማዋል አልክ። ደግ። ማን ልብ ብሎ እንደሰማው ልንገርህ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔው አፋፉንም አልፎ ጎሬ ወጣ። ስልክ ከስልክ እየተቀባበለ የከተማው ባጃጅ ሁሉ እኔን ጭኖ ይዞራል። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ገለኔ ሰው ዋጋ ሲከራከራትና ደንበኛሽ ነኝ ሲላት፣ ጥሩ ሰው ግን ምን ያደርግልኛል ብላ ትመልስለታለች። ድምፁ የኔ መሆኑን አታውቅም፤ ወይም ታውቅና ታስመስላለች። ሐምሌ ላይ ለዘመድ ምርቃት ኡካ ከተማ ሄድኩ። ዘፈኑ ተከፈተ። ያ ቦታ ሲደርስ ጨፋሪው በሙሉ ቀጥ ብሎ ቆመና ባንድ አፍ የኔን ቃል ተናገረ፤ ከዚያ ልክ አንተ እንደሳቅኸው ሳቀና ጭፈራውን ቀጠለ። የዘፈኑ አካል መስሏቸዋል! ሳህኔን እንደያዝኩ ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ።

እማዬም መናኸሪያ ሰምታው መጣች። ምን ያለችው ባለጌ ናት፣ የሰው ልጅ በስሙ እየጠራች! ድምጿ ደግሞ ቁርጥ ያንቺን ይመስላል አለችኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም። እሷም ከዚያ ወዲያ ደግማ አላነሳችውም። እናት አንድ ነገር አንስታ ድንገት ስትተወው ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

አንተ ግን ቀድመህ፣ ክረምቱ ሳይከብድ፣ አዲስ አበባ ሄደሃል። መስከረም ላይ ሽማግሌ እልክብሻለሁ አልከኝ። መስከረም መጣ፣ የላክህልኝ ደግሞ ሌላ አፕ እንዴት እንደከፈትክ የሚያወራ ረጅም ጽሑፍ ነው። ስለኔ ያለው መጨረሻው ላይ፣ ለሰላምታ ብቻ።

ይህንንም ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የደርበውን ነው። መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች ስሙን ትተው ጥሩ ሰው ይሉታል። ጥሩ ሰው፣ ተራህ ደርሷል! ጥሩ ሰው፣ ለኛስ ምን ታደርግልናለህ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ምናልባት ነገሩ ከየት እንደመጣ አልገባውም ይሆናል እያልኩ ተጽናናሁ። ቡናው ደግሞ እየቀላ፣ የሽማግሌዎቹም መመለሻ እየቀረበ ነበር። ሰው እምቢ የሚባል ከሆነ እንኳ እምቢታውን ከሽማግሌ አፍ፣ በወጉ፣ ቤቱ ተቀምጦ መስማት አለበት። ከመኪናው ቴፕ፣ ያውም በሌላ ወንድ ሳቅ ታጅቦ፣ ተሳፋሪ ፊት አይደለም። ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር።

ስለዚህ ንጹሕ ቅጂ ልሠራ ተነሣሁ። ንጹሑ ሲወጣ ሰው ያኛውን ይጥለዋል ብዬ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች በለኝ፣ ግድ የለም። ካርድ ሞልቼ የአፑ ደንበኛ ሆንኩ። መቱ ውስጥ ያን ዘፈን ከፍሎ የሚሰማ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ዘፋኙ ቢሰማ ይመርቀኝ ነበር፣ ለምን እንደከፈልኩ ባይነግሩት። ከዚያ ሱቅህን የወሰደው ደቅሲሳ ዘንድ ሄድኩ። ዘዴ አለኝ ብሎ ስልኬን አቆይቶ የመለሰልኝ እንደ ትንኝ ሲጥ ሲጥ ሲል የሚውል ነገር ነው። አፑ ታድሷል፣ ያኔ የሚሠራው አሁን አይሠራም አለና እጁን አራገፈ። የቀረኝ ያንተው መንገድ ሆነ፤ ሁለት ስልክና አየር።

መቱ ውስጥ ግን ባዶ አየር የለም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፤ ዝናቡ ሲያባራ ባጃጅ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጎረቤት ጄኔሬተር። ማለዳ ልቅዳ ብል ባንድ በኩል ቅዳሴው፣ በሌላ በኩል አዛኑ። በመጨረሻ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ትንፋሼን ውጬ እየቀዳሁ ሳለ እማዬ በሩን ከፈተችው። ምን ታደርጊያለሽ አላለችኝም። ማን ሞተ? አለችኝ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። እሱም ተቀዳ። እንደገና ጀመርኩ።

እንደምንም ተሳካልኝ። ለመጣው ሁሉ በነጻ ጫንለት ብዬ ለደቅሲሳ ሰጠሁት። ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? ይሄ ጎደሎ ነው አለ! ሴትዮዋ የት ሄደች፣ ሳቁስ የታል፣ የተቆራረጠ ሰጠኸን እያሉ ደቅሲሳን ሊደበድቡት ምንም አልቀራቸው። ገለኔማ የኔን አስደምስሳ ያንተን መልሳ አስጫነች። በዚያ ቀን ስልኬን አንስቼ ልሰድብህ ነበር። ድምፄን ትቀዳዋለህ ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ የቀረኝ የደርበው መኪና ነው። እሱ ብቻ ከዳነልኝ አገር ምድሩ ይዝፈነው ብዬ ንጹሑን ቅጂ በፍላሽ ይዤ ባለፈው ሳምንት ወደ ጎሬ ተሳፈርኩ። ከፊት፣ ከጎኑ ቦታ ነበር። ሰላም አለኝ፤ የእማዬን ጉልበት ጠየቀኝ፤ ከዚያ መንዳቱን ቀጠለ። ዘፈኑ ተከፍቷል። ያ ቦታ ሊደርስ ሲል ፍላሹን ጨብጬ ያዝኩ። ደረሰ። ደርበው ክላክሱን ተጫነው፣ አጥብቆ፣ ሳይለቅ። መንገዱ ላይ ሰውም ከብትም የለም። ከኋላ አንዲት ባልቴት፣ ኡፍ፣ ማል ታኤ ኩን! ምን ሆነ ይሄ፣ ምን አይቶ ነው? ብላ ተቆጣች። ክላክሱን ሲለቀው ዘፋኙ ወደ ግጥሙ ተመልሷል። የኔ ድምፅም ያንተ ሳቅም አልተሰማም።

ከበስተኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ይቺ አመሉ ናት አለ፤ እዚህ ዘፈን ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይነፋል፣ ለምን እንደሆነ ጠይቀነው አይመልስም። ለካ እኔ አልሰማም እያልኩ ስጽናና እሱ ከግንቦት ጀምሮ፣ በየምልልሱ፣ እኔን ከሰው ጆሮ ሲሸፍነኝ ነው የከረመው። ዘፈኑን ለምን አይተወውም ብዬ አሰብኩ። ጎሬ እስክንገባ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ጎሬ ሰው ሁሉ ወረደ፤ ወያላውም ለመልሱ ተሳፋሪ ሊጠራ ወረደ። ደርበው ከከተማው ዳር ካለው ጎሚስታ ጎማ ሊያስነፋ ነበር። እኔ አልወረድኩም። መንገድ ስንጀምር ፍላሹን አውጥቼ፣ ንጹሑ ነው አልኩት። የምኑ ንጹሕ ብሎም አልጠየቀኝም። ከተተውና እስከ መጨረሻው ሰማው። ጥሩ ነው፣ ደክመሽበታል አለኝ። ከዚያ ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና የራሱን መልሶ ከፈተ።

ለምን? አልኩት፣ ጮክ ብዬ። መሪውን እያየ፣ ያንቺኛው ውስጥ አንቺ የለሽበትም አለኝ።

ዘፈኑ ያ ቦታ ደረሰ። አሁን ይነፋል ብዬ ጠበቅሁ፤ እጁ አልተነሣም። ደርበው ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰው ግን ምን ያደርግልኛል? ስል ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማነው። አንዲት ፊደል አልተሸፈነችም። ሳቅህ ሊጀምር ሲል ግን ያን ጊዜ ክላክሱን ተጫነው። ሳቅህ እስኪያልቅ ድረስ አለቀቀውም።

ያን ዘፈን ከግንቦት ጀምሮ ሳልወድ በግዴ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሳቅህንም ሰምቼዋለሁ፤ ሳቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በእሱም በኔም ላይ እንደሳቅህ የገባኝ እዚያ ጎሬ መንገድ ላይ ነው፤ አብሬህ ዝም ማለቴም አንጀቴን በላው። አሁንም ተናድጃለሁ፤ በሁለታችንም።

እልክብሻለሁ ያልከው ነገር አያስጨንቅህ። ቡናው ተለቅሟል፤ ሽማግሌዎቹ የፊታችን እሁድ ይመለሳሉ። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ምን ልበላቸው ብለው ጠይቀውኝ ነግሬያቸዋለሁ። እማዬ ከትናንት ጀምሮ ጌሾ እያስወቀጠች ነው።

አምላክ ሥራህን ያቅናልህ። ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ደጅህን ሰው አይጣው፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ስትናገር ሥራህን አስቀምጠህ የምታዳምጣት ሴት ይስጥህ።

ከእንግዲህ እህትህ