«ደህና ነኝ በላት»

ሰኞ፣ 6 ፌብሯሪ 2006፣ ጧት
የሰፈሬ የቤት ኤሊዔዘር አውቶቡስ ዛሬም ዐሥራ አንድ ደቂቃ ዘገየ። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። ስልክ። እትዬ ዘነቡ ናቸው፣ የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ፈረደ ሚስት። ጋሼ ደም አስታውከው ወድቀዋል። ሥራ ቀረ።

ቀትር፣ ሆስፒታል
የጨጓራ ቁስል ነው፤ ደም ሲያፈስ ሰንብቷል። በቱቦ ገብተው ዘጉት። ብዙ ከረጢት ደም ሰጧቸው። የደም ግፊቱ ተመለሰ። አስተኝተዋቸዋል፣ በመሣሪያ ይተነፍሳሉ። ሽንት ግን የለም።
ስማ ደብተር፣ ይህን ላንተ ብቻ። ባለፈው ሐሙስ ክሊኒክ አብሬያቸው ነበርኩ፤ የዕብራይስጥ አስተርጓሚ እኔ። ሐኪሟ ሰገራዎ ጠቁሯል ወይ ብላ ጠየቀች። ጥቁር ሰገራ ሆድ ውስጥ የመድማት ምልክት መሆኑን ዛሬ ነገሩኝ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጃቸው በምትሆን ሴት ፊት፣ ስለ ሰገራ! «ተመስገን፣ ደህና ነኝ በላት» አሉኝ። አልኳት። ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። በዚህ እኮራ ነበር። የሚቀባጥሩትን አስተርጓሚዎች እሰድብ ነበር።

ማክሰኞ 7
ዶ/ሩ ወጣት ነው፤ ግን በሥርዓት ያስረዳል። ግፊት ተመለሰ ማለት ደም ሁሉ ቦታ ደረሰ ማለት አይደለም። ብዙ ደም ሲፈስ ሰውነት ለልብና ለአንጎል ያዳላል፤ የኩላሊትንና የአንጀትን ደም ስሮች ያጠብባል። የጋሼ እስካሁን እንደጠበቡ ናቸው። የሚከፍታቸው መድኃኒት አለ፤ በደም ስር ይንጠባጠባል። ይሠራል ብሎ አይምልም፤ ሐኪሞችም ይከራከሩበታል። ካልተሰጠ ኩላሊታቸው ሊሞት ይችላል። ልባቸው ደካማ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ግፊቱን መልሶ ይጥለዋል። ስለዚህ ጠየቀ፦ ልባቸውን ታመው ያውቃሉ?
እትዬ ፈጠን ብለው፣ ምንም የለበትም፣ ተመስገን፣ ጎረምሳ ነው።
ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። ሐሙስ ትዝ አለኝ፣ ዘጋሁት። ዶ/ሩ ይጠብቃል።
ጋሼ የቤታችሁን ደረጃ ሲወጡ የት ላይ ያርፋሉ፣ አልኳቸው።
«አንተ ደግሞ! ፖሊስ ሆንክብኝ?»
«የት ላይ፣ እትዬ?»
ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አሉ። ደረቱን ይይዛል። እርጅና ነው፣ ለሰው እንዳትነግሪ ብሎኛል።
ተረጎምኩ። ደረቱንም፣ እንዳትነግሪውንም። እትዬ ጀርባቸውን ሰጡኝ። የባላቸውን ገመና አወጣሁ።
ልባቸው በአልትራሳውንድ ታየ። ደካማ ነው። ዶ/ሩ መድኃኒቱን በጣም በትንሹ ጀመረ። ነርስ ከአጠገባቸው አትጠፋም።

ረቡዕ 8
የሽንት ከረጢቱ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ጧት ባዶ። ግፊቱ አንዴ ወረደ፣ መጠኑን ቀነሱ። የጋሼ ልጅ ኦርሊ ተቆጣችኝ፦ «ዶድ፣ ዳይ! አጎቴ፣ በቃ! ተቀመጥ። ስላፈጠጥክበት አይሞላም።»
ከሰዓት በኋላ ከረጢቱ ታች ላይ ቢጫ። ጥቂት። በሃምሳ አራት ዓመቴ ሽንት አይቼ እንባ መጣብኝ። መድኃኒቱ ነው ወይስ ደሙ? ዶ/ሩ አላውቅም አለ። አላውቅም ስላለ አከበርኩት።

ዓርብ 10
የመተንፈሻው ቱቦ ወጣ። ሽንቱ ጨምሯል። የጋሼ የመጀመሪያ ቃል፦ ሰው ለምን አስቸገርክ? እትዬ እስካሁን አላናገሩኝም፤ ግን ጭማቂ ገዝተው እጄ ላይ አኖሩ።
ዶ/ሩ ገባ። የሚያምዎት ቦታ አለ ወይ? ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ደህና ነኝ በለው።» ጣቶቻቸው አንሶላውን ጨምድደዋል።
አልልም፣ አልኳቸው። ያሳደጉኝን ሰው እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ያቺን ቃል ከዛሬ ጀምሮ አልተረጉምም። የሚያምዎትን በጣትዎ ያሳዩኝ፣ እስኪያሳዩኝ ከዚህ አልነሳም።
ሰደቡኝ። ዶ/ሩ ምን አሉ አለ። ስድቡን ተረጎምኩለት፣ ቃል ሳልቀንስ። ሳቀ። ጋሼ እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው አንሶላውን ለቀቁና እጃቸውን ወደ ደረታቸው ወሰዱ፤ በጣታቸው ነክተው «እዚህ» አሉኝ።